ኢብሮ የማያሸንፍበት ጌም

በልጅነቴ ካዛንቺስ ውስጥ የጆይስቲክን ኤክስ ቁልፍ እንደ እኔ የሚቀጠቅጥ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ በሔኖክ ጌም ቤት ያለፈ ሁሉ ምስክሬ ነው። ሔኖክ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ክፍል ውስጥ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውት ጎረምሳ ነበረ። ክፍሏ ላብ፣ የጋለ ሽቦና የተጠበሰ ድንች ትሸታለች። ትልልቆቹ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ኳስ ይጫወቱባታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የኳሱ ሲዲ ወጥቶ የእኛ የትንንሾቹ ይገባል። በአንድ ቴሌቪዥን ላይ አራት ጆይስቲክ የሰካ በሰፈሩ እሱ ብቻ ስለነበረ ለአራት ሆነን እንጫወታለን። ሲዲው የራሱ ስም ነበረው፤ እኛ ግን «እንቁራሪት» ነበር የምንለው።

እንቁራሪት ውስጥ አጫጭር ጨዋታዎች እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል፣ ኮከብ መልቀም፣ ከጉማሬ መደበቅ። የትኛው እንደሚመጣ የሚያውቀው ማሽኑ ብቻ ነው። ሁላችንም የምንጠብቀው ፊኛውን ነበር። አራት እንቁራሪቶች አፋቸው ላይ ፊኛ ደቅነው ይቆማሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ኤክስን መቀጥቀጥ ብቻ ነው። ማሰብ የለም፣ ማነጣጠር የለም፤ ቶሎ ቶሎ የመታ ፊኛው ያብጥለታል፣ ያዘገመ ይተነፍስበታል፣ ቀድሞ ያፈነዳ ያሸንፋል። ሰው ሁሉ በአውራ ጣቱ ነው የሚጫነው። እኔ ጆይስቲኩን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ በሁለት ጣቶቼ እያፈራረቅሁ፣ ድቤ እንደሚመታ ሰው እደልቀው ነበር። ብልሃቱን ያወጣሁት ራሴ ስለሆንኩ ለማንም አላሳይም፤ በግድግዳ ለምትዋሰነን ለልብ ጓደኛዬ ለሳምራ እንኳ።

ጌም ቤት የምትወስደኝ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሲሃም ነበረች። እናቴ ረውዳ ጥብቅ ሴት ናት፤ ሱቅ ስትልከኝ እንኳ እስክመለስ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ። ቅዳሜ ዙህር ከተሰገደ በኋላ ግን ያቺው እማዬ ፀጉሬን ቅባት ቀብታ ታበጥርልኛለች፣ የዒድ ቀሚሴን ታለብሰኛለች፣ ከዚያ እጄን ለሲሃም አስይዛ ትሸኘኛለች። አንዲት የወሎ ሴት ልጇን ለጌም ቤት የዒድ ልብስ ስታለብስ አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ። ልጅ ግን የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ ለምን እንደተሰጠው አይመረምርም። እኔ የምላከው ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ኢብሮ ሁልጊዜ ቀድሞን ይገኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ የዓጥር ሽቶ ይሸታል፤ ሲናገር የዓረብኛ «ያላ» እና «ኸላስ» ጣልቃ ያስገባል። ግራ ክንዱ ላይ ከአንጓው እስከ ክርኑ የሚደርስ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተኮልኩሎ የእንቁራሪት ፊኛ ሲነፋ ሳይ መጀመሪያ እኔው አፈርኩለት። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ አትበይኝ» አለኝ። «ኢብሮ በይኝ፣ በቃ።»

በእኛ ቤት ትልቅ ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት ያስቆነጥጣል። ሲሃምን ቀና ብዬ ባያት «በይው» አለችኝ። ልጅ መባል የሚያምረው ሰውዬ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በፊኛ አንድም ቀን አሸንፎኝ አያውቅም። የእሱ ፊኛ ገና ብርቱካን ሳያክል የእኔ ጧ ይላል። «ኢብሮ፣ ሰነፍ ነህ» እለዋለሁ። «ምን ላድርግ፣ ጣቴ ሸምግሏል» ይለኛል። ልክ ጨዋታው ሲጦፍ ደግሞ ጥያቄ ያመጣል፤ የፊት ጥርስሽ መቼ ወለቀ፣ ሲመሽ ትፈሪያለሽ፣ ቲማቲም ትበያለሽ ወይስ ለይተሽ ታስቀምጫለሽ። ሊያዘናጋኝ እንደሆነ ስለማውቅ በአጭር በአጭሩ እመልስለት ነበር። ቲማቲም ለይቼ እንደማስቀምጥ ስነግረው «እኔም» አለና ፊኛውን መንፋት ረሳ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ዓይኑ ነበር። ስክሪኑን ትቶ እጄን ያያል። ብልሃቴን ሊሰርቅ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አንገቴ ላይ የጣልኩትን ሻሽ አወለቅሁና እጄንም ጆይስቲኩንም ሸፈንኩበት። ኢብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ፊቴን ማየት ጀመረ። ፊቴንም ብሸፍን ደስ ባለኝ፣ ግን ተሸፋፍኜ ቲቪውን እንዴት አያለሁ። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ የእኔ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነበር።

ኢብሮ አባቴ ነው።

ይህን የሰማሁት ባለፈው ዓመት፣ ኒካሄ ሊታሰር ሲል ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ወሊ ሆኖ የሚድራት የወለዳት አባቷ ነው፤ ያሳደጋት የፈለገውን ያህል ቢወዳት ወላጇ በሕይወት እያለ አይቀድመውም። ስለዚህ ነገሩ ከዚያ በላይ ሊደበቅ አልቻለም። ካዛንቺስ ፈርሶ በገባንበት በገላን ጉራ፣ ዕቃው ተፈትቶ ባላለቀበት ሳሎን ውስጥ፣ ሲሃም አጠገቧ አስቀምጣ ነገረችኝ። እኔ ጡት ሳልጥል ኢብራሂም በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ወጣ። አንዳንዴ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ደብዛው ጠፋ። እማዬ ጠበቀች፣ አስጠየቀች፣ ሞቷል ያላትም ነበር። በመጨረሻ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ፍቺ ጠይቃ ተፈረደላትና ሰንጋ ተራ ጨርቅ የሚነግደውን ዓብዱልፈታሕን አገባች። እኔ አባዬ የምለው፣ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ፣ እሱ ነው።

ሳዑዲ ሰዎቻችንን በአውሮፕላን እያጎረች በመለሰችበት ዓመት ኢብራሂም ከእስር ቤት ወጥቶ ባዶ እጁን ቦሌ ወረደ። ሚስቱ የሰው ሚስት፣ ልጁ ሌላ ሰው አባዬ የምትል ሆና ጠበቀችው። የሚጣላውን ሰው ፈለገ፤ አላገኘም። ሽማግሌ ገባ። ልጅቷ ጠና እስክትል አይነገራትም፣ እስከዚያ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ባለችበት ይያት ተባለ። እቤት መምጣቱ ለማንም አይመችም፤ ካፌ ቢሉ ልጅ ይሰለቻታል። ጌም ቤቱን ያመጣችው ሲሃም ናት።

ስምሽስ እንዴት አልነገረሽም ትሉኝ ይሆናል። ትምህርት ቤት የምጠራው አፍራህ ኢብራሂም ተብዬ ነበር፤ አባዬ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ሌላ ሰው የወለዳትን ልጅ በስሙ ማስጠራት አልፈለገም። እኔን ግን ይህ ለአንድ ቀን አላስጨነቀኝም። በሰፈራችን ሁለት ስም የሌለው ሰው የለም፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የትምህርት ቤት። ታናሽ ወንድሜ እቤት ማሜ፣ ትምህርት ቤት ሙስዐብ ነው። ሳምራ ትምህርት ቤት ሙሉመቤት ናት። ስለዚህ ዓብዱልፈታሕ የአባዬ የቤት ስሙ፣ ኢብራሂም የትምህርት ቤት ስሙ ነው ብዬ አርፌ ተቀምጬ ነበር። ጠይቄ ስለማላውቅ የሚያርመኝም አልተገኘም።

ኒካሄ ዕለት ከኮምቦልቻ መጥቶ የዳረኝ ኢብሮ ነው። ዛሬም ስደውልለት ኢብሮ ነው የምለው። ሌላውን ልለው ስሞክር የአባዬ ፊት ድቅን ይልብኛል። እሱም በሌላ ጥሪኝ ብሎኝ አያውቅም። ይህ ነገር ያሳዝነኛል፣ ግን እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጌም ቤቱ፣ ወደ መጨረሻው ቅዳሜ ልመለስ።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሃጂ ጀሚል እቤት መጡ። ሃጂ ጀሚል የወሎ ሰዎች ዕድር ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው ከመጡ አንድ የሚታረቅ ሰው አለ ማለት ነው። እኔንና ማሜን ከመጋረጃው ጀርባ አስተኙን። ማሜ ወዲያው ተኛ፤ እኔ ጆሮዬን አቆምኩ።

«እስከ መቼ ጌም ቤት ለጌም ቤት?» አሉ ሃጂ። «ሰው አየ፣ ሰው አወራ። ዞሮ ዞሮ ከጎረቤት ከምትሰማው ከናንተው ትስማ።»

«ሃጂ፣ ልጅ እኮ ናት ገና» አለች እማዬ።

«ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚበቃ ዕድሜ የለም፣ ረውዳ።»

ከዚያ የአባዬ ድምፅ መጣ። «እኔም እሄዳለሁ። እሱ ብቻውን አይንገራት፤ ሁለታችንም ባለንበት ይሁን፣ እንዳትደነግጥ።»

«ቅዳሜ ይሁን» አሉ ሃጂ። «አላህ ያግራው።»

እኔ ለሁሉም ትርጉም አገኘሁለት። ጌም ቤት መሄዴ እስከ ዕድሩ ደርሷል። ቅዳሜ ሔኖክ ሁለተኛ እንዳትመጪ ብሎ ይነግረኛል፤ አባዬ ደግሞ ልክ ሲነገረኝ ለማየት ቆሞ ይጠብቃል። በማግስቱ ለሳምራ ሳጫውታት ፊቷ ጠቆረ። ወንድሟን አባታቸው ከዚያው ጌም ቤት ቀበቶውን ይዞ እየጎተተ ሲያወጣው ሰፈሩ በሙሉ አይቶ ነበርና። «ካድ» አለችኝ። «የሲሃም ነው ጌሙ፣ እኔ ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት በይ።» ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

ቅዳሜ እማዬ ፀጉሬን ስታበጥር አልሆንላት አለ። ሹሩባውን ጀመረች፣ ፈታችው፣ እንደገና ጀመረች።

«ዛሬ የሚሉሽን ሁሉ ዝም ብለሽ ስሚ» አለችኝ። «ምንም ቢሉሽ እኔ እዚሁ ነኝ። አባዬም አባዬ ነው። እሺ?»

እሺ አልኳት። ጉዳዩ ካሰብኩት በላይ መክበዱን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ ለአንድ ጌም ይህን ያህል አይባልም።

ስንደርስ ሔኖክ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ተይዟል፣ ሂዱ በቃ» እያለ ልጆቹን ይመልሳል። ሳምራንም መለሳት። ውስጥ ኢብሮ ብቻውን አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ጢሙን ተስተካክሏል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። ብዙም ሳይቆይ አባዬ ከዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ገባ። መምጣቱን እያወቅሁ እንኳ ክው ብዬ ቀረሁ።

ሁለቱ ተጨባበጡ፤ ቶሎም አልተላቀቁም። እንደማይተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም፣ እንደ ወዳጆችም አልነበሩም። «እንዴት ነህ፣ ኢብራሂም?» አለው አባዬ። የራሱን የትምህርት ቤት ስም ለሌላ ሰው ሲሰጥ ገረመኝ፤ ግን ክፍላችን ውስጥም ሁለት ሔለን አሉና ምንም አላልኩም።

ማንም አልጀመረም። ሲሃም ጥፍሮቿን ታያለች። አባዬ «አፍሪዬ» አለና ተወው። ኢብሮ «እስኪ…» አለና እሱም ተወው። ሔኖክ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ይነግረኛል ብዬ የጠበቅሁት እሱ ጭራሽ ዞርም አላለም። መካዱ እንደማያዋጣ ስለገባኝ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። አንድ ጆይስቲክ አንስቼ አባዬ እጅ ላይ አደረግኩና «ትጫወታለህ?» አልኩት። የሚጫወት ሰው አይቆጣም ብዬ ነው።

አባዬ ኢብሮን አየው።

«ትንሽ እንጫወት» አለ ኢብሮ። «ማለቴ… ከዚያ ይደርሳል።»

አራታችንም አግዳሚው ላይ ተደረደርን፤ እኔ መሐል፣ አባዬ በቀኜ፣ ኢብሮ በግራዬ፣ ሲሃም ጥግ ላይ። አባዬ ጆይስቲኩን ገልብጦ ነበር የያዘው። መጀመሪያ የመጣው መዝለሉ ሲሆን የእሱ እንቁራሪት አንድ ድንጋይ ሳትሻገር ውኃ ውስጥ ገባች፤ ወጥታ እንደገና ገባች። ኢብሮ ሳቀ፣ አባዬም ሳቀ፣ ሲሃም እስክታለቅስ ሳቀች። ሁሉም የመጡበትን የረሱ መሰለኝና ደስ አለኝ። ሲሃም እንደምትለው ሁለቱም ለትንሽ ጊዜ ረስተውት ነበር።

ከዚያ ፊኛው መጣ።

አባዬ በኢብሮ ፊት እንዲዋረድብኝ አልፈለግሁም። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አጋደምኩለት፤ ሁለት ጣቶቹን ይዤ ኤክሷ ላይ አስቀመጥኳቸው። «እንዲህ፣ እያፈራረቅህ» አልኩት በጆሮው። ብልሃቴን ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ኢብሮ ከአጠገቤ ሁሉንም አየ። ሻሼን ማውለቅ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ራሱ ዓይኑን መለሰና ስክሪኑ ላይ ተከለው።

ደወሉ ተደወለ። የዚያን ቀኑን ኢብሮ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አውራ ጣቱ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም፤ ከሥራችን አግዳሚው ይንቀጠቀጣል። ፊኛው ብርቱካኑን አለፈ፣ ሐብሐብ አከለ፣ ስክሪኑን ሊሞላ ደረሰ። እስከዚያች ቀን ሲሸነፍልኝ የኖረው አቅም አጥቶ እንዳልሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፣ ለማሰብም ጊዜ አልነበረኝም። አባዬ ሊሸነፍ ነው። የራሴን ጆይስቲክ ጥዬ አግዳሚው ላይ ቆምኩና ትከሻው ላይ ተንጠለጠልኩ።

«አባዬ በርታ! አባዬ! አባዬ!»

የኢብሮ ጣት ቆመ።

አላዘገመም፤ ቆመ። ያ የሚያህል ፊኛ ጢስስ እያለ ተነፈሰ። የአባዬ ፊኛ እየተንገዳገደ መጥቶ አለፈውና ጧ አለ። ጮቤ ረገጥኩ።

«አባቴ በለጠህ» አልኩት።

«አዎ» አለ ኢብሮ። «በልጦኛል።»

ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ተነሳ። በእኔ አናት ላይ ለአባዬ «ይቅር፣ ዓብዱልፈታሕ» አለው።

«አይሆንም» አለ አባዬ። «ለዚህ አይደል የመጣነው። መብትህ ነው። ካቃተህ እኔ እነግራታለሁ።»

«ስትጠራህ ሰማሁ እኮ።»

«ኢብራሂም፣ ተቀመጥ።»

«ሰማኋት፣ በቃ። ኸላስ።»

እጁን አናቴ ላይ አሳረፈ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ሰላም ሲለኝ እጁን ደረቱ ላይ ነበር የሚያደርገው፤ እንደዚያ ነክቶኝ አያውቅም። መዳፉ ሻካራና ሙቅ ነበር፤ ሹሩባዬን ያበላሽብኛል ብዬ ሰጋሁ። «ገና ነው አባትሽ» አለኝ። «በደንብ አለማምጂው።» ከዚያ በሔኖክ በኩል አልፎ ወጣ። ሲሃም ስሙን እየጠራች ተከተለችው፤ ብቻዋን ተመለሰች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከላም በረት ወደ ወሎ እንደተሳፈረ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ሽንፈት የማይችል ሰው ነው ብዬ ታዘብኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ጣቶቼ እስኪያሙኝ። ቁጣው አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስል አልመጣም። ከቤታችን በር ስንደርስ ጭራሽ እንደቀረልኝ እርግጠኛ ሆንኩና መዝለል ጀመርኩ።

እማዬ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እኔን አየችኝ፣ ስዘልል አየችኝ፣ ወደ አባዬ ዞረች።

«ነገራችኋት?»

አባዬ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ሳያያት «ተሸነፍኩ፣ ረውዳ» አላት። «ያ ሰው አሸነፈኝ።»

እማዬ ሲሃምን አየቻት፤ ሲሃም አንገቷን ደፋች። እማዬ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ በሩን ተደገፈች። ስለ አንድ ፊኛ እንዲህ ማዘናቸው ግራ ገባኝ። አባዬ መልካም ሲሠራ እንኳ የሚደብቅ ሰው ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነገር ሲጣመም ዝም አልልም። መሐላቸው ገባሁ።

«ውሸቱን ነው፣ እማ» አልኳት። «አባዬ ነው ያሸነፈው።»